የኢልያስ የምሕረት ማመልከቻ

ቾር ባይራቢ፣ ፋልጉን 12 ቀን

ለልጄ ልጅ ለሞሜና፣ ዳካ፣ የኮሌጁ የሴቶች ማደሪያ

አሰላሙ ዓለይኪ ቡቡዬ። ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ፆሙ እንዴት ይዞሻል? የማደሪያው ሩዝ ድንጋይ አለበት ብለሽ ነበር፤ አሁንም አለበት? እኛ ሁላችን ደኅና ነን። እናትሽ ሃፊዛ ደኅና ናት። ሁለቱ ታናናሾችሽ ደኅና ናቸው። ላሚቱ ደኅና ናት። ወንዙም ደኅና ነው፤ ዘንድሮ የበላው የጎረቤታችንን የሙዝ ጓሮ ብቻ ነው። እኔ ሰባ አራት ሞልቶሃል ይሉኛል። ክንዴ ግን ይህን ወሬ አልሰማም፤ ጀልባዬን ዛሬም የምቀዝፈው ራሴ ነኝ።

የሚጽፍልኝ ኒባራን ዶክተር ነው። አሁን ብዕሩን አንሥቶ፣ «ላሚቱን ምን አገባት? ወረቀቱ ያልቃል» ይለኛል። አንተ ያችን እንደ ስኳር የምትላስ ክኒንህን ስትሸጥ እኔ ጣልቃ ገብቼብህ አውቃለሁ? የምልህን ጻፍ አልኩት። ይህንንም ጻፈው አልኩት።

ሁለት ነገር ጠይቀሽኛል። በየተራ ልመልስልሽ።

አንደኛው፣ «የአባቴን ማመልከቻ ማን ይጽፈዋል?» ነው ያልሽው። የቀበሌው ጸሐፊ እንዲህ ነግሮኛል። አባትሽ በታሰረበት አገር ገዥው በየዓመቱ ለእርድ ኢድ እስረኛ ይፈታል። የስም ዝርዝር ይወጣል። እዚያ ዝርዝር ውስጥ የሚገባው ሳያስበው፣ ሳይፈልገው ጥፋት ያደረሰ ሰው ነው እንጂ ቸል ብሎ ሰው የጎዳ አይገባም። ከቤተሰቡ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማመልከቻ የሚመጣው የቾይትሮ ወር ሳያልቅ እዚያ መድረስ አለበት። ጸሐፊው «ከተማ ፍርድ ቤቱ ደጅ ሂድ፤ እዚያ ዣንጥላ ሥር የሚቀመጡት ሰዎች ሺህ ጊዜ የጻፉት ነገር ነው፤ ሩብ ሰዓት አይፈጅባቸውም» አለኝ።

እኔም «የልጄ ልጅ ዳካ ተቀምጣ እንግሊዝኛ ትማራለች። ከዚህ ደሴት፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ እንግሊዝኛ ልማር ብሎ የሄደ ከሷ በቀር ካለ ስሙን ጥራልኝ። የልጄን ጉዳይ ዣንጥላ ሥር ለተቀመጠ ሰው የምሰጥበት ምን ምክንያት አለ?» አልኩት። ሳቀ። ይሳቅ። አንቺ ትጽፊዋለሽ።

ሁለተኛው፣ «አባቴ ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም?» ብለሽኛል። እዚህ ላይ ኒባራን ብዕሩን አቁሞ አየኝ። እኔ ግን ለልጅ የሚደበቅ ነገር አላውቅም።

አባትሽ የውሃ ቦቴ ሲነዳ ሰው ገጭቶ መግደሉን ታውቂያለሽ። ለፍርድ ቤቱ «ጎማ ፈነዳብኝ» ብሎ ተናገረ። ጎማው እውነትም ፈንድቶ ተገኝቷል፤ ከግጭቱ በፊት ይሁን በኋላ አላህ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ ሰባት ዓመት ብቻ ፈረዱበት፤ ሁለቱን ጨርሷል። ባለፈው ወር ግን ከሱ ጋር አንድ ክፍል ታስሮ የነበረው ሞክታር ተፈትቶ መጣ። ጀልባዬ ላይ ተቀምጦ የአባትሽን መልእክት በጆሮዬ ነገረኝ። «ለአባቴ ንገርልኝ፤ እሱን ዋሽቼው አላውቅም። ሁለት ቀን ሙሉ ያለ እረፍት አስነዱኝ። መሪው ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ።» ቃሉ ይህ ነው። ጠየቅሽኝ፤ መለስኩልሽ። እናትሽ አታውቅም።

እንግዲህ አሳምረሽ ጻፊው። ያ ትልቅ ሰው አንብቦ ሲጨርስ ሌላ ወረቀት እንዳያነሣ አድርገሽ ጻፊው።

በፊርማ ፈንታ አውራ ጣቴን አኑሬያለሁ።

አያትሽ ቶራብ አሊ


ዳካ፣ ማርች 9 ቀን 1994

ለተከበሩ ዳዱ

አሰላሙ ዓለይኩም። ካለሁበት ሆኜ እግርዎን ነክቼ ሰላም እላለሁ። እኔ በአላህ ፈቃድ ደኅና ነኝ። ሩዙ አሁንም ድንጋይ አለበት። ከፆሙ ኢድ በኋላ በሦስተኛው ቀን ፈተና ስላለብን ለበዓሉ መምጣት አልቻልኩም፤ ይቅር ይበሉኝ። እናቴንም ይቅር በይኝ ይበሉልኝ።

ማመልከቻውን ጽፌ ትናንት በፖስታ ልኬዋለሁ። ሳላስነብብዎት የላክሁት ፖስታ ቤቱ ለኢድ ከመዘጋቱ በፊት ብዬ ነው። ስድስት ጊዜ ገለበጥኩት። የቤንጋልኛውን ትርጉም እዚሁ ውስጥ አድርጌዋለሁ፤ ኒባራን ካካ ያንብቡልዎት።

አሳምረሽ ጻፊው ብለውኝ ነበርና እንዴት እንደጻፍኩት ልንገርዎ። የጽሑፍ መምህራችን ዋዱድ ሰር ይባላሉ። እኛ ሁላችን አንድ ዓይነት ስሕተት እንሠራለን። በቋንቋችን «ምንም እንኳ» ብለን ጀምረን «ግን» ብለን እንጨርሳለን። እንግሊዝኛ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነው የሚፈቅደው። ሁለቱንም ባንድ ዓረፍተ ነገር ካስገባን ዋዱድ ሰር ወረቀቱን ከፍ አድርገው ይዘው፣ «የማናት ይቺ፣ በአንድ ራስ ላይ ሁለት ባርኔጣ ያደረገችው?» ይላሉ፤ ክፍሉ ይስቃል። ደግሞ «ሃውኤቨር» የሚባል አለ፤ ይሁን እንጂ ማለት ነው። እሱ ፊተኛው ሐሳብ በነጥብ ከተዘጋ በኋላ ለብቻው ይቆማል፤ ከበስተኋላው ነጠላ ሰረዝ ይደረግለታል። ያንን ነጠላ ሰረዝ ረስቼ አላውቅም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። ዋዱድ ሰር ባንድ ወገን ብቻ ለቆመ ጽሑፍ ማርክ አይሰጡም። «ያንዱን ወገን ብቻ የሚናገር ጠበቃ ነው፤ ጠበቃን ከደንበኛው በቀር ማን ያምናል? በአንድ በኩል ብላችሁ ከጀመራችሁ በሌላ በኩል ሳትሉ ብዕር እንዳታስቀምጡ» ይሉናል። ባለፈው ፈተና ከመቶ አሥራ ሁለት ተማሪ አንደኛ የወጣሁት በዚህ ነው።

ማመልከቻውንም በዚሁ መንገድ ነው የጻፍኩት። ስሙንና አገሩን ሸፍኜ ለዋዱድ ሰር አሳየኋቸው፤ የልምምድ ጽሑፍ መስሏቸዋል። አንድም ቀይ መስመር አላሰመሩበትም። «ይህን ያነበበ ያምናል» አሉኝ። ዳዱ፣ እርስዎም እውነት ስለሚወዱ ደስ ይልዎታል ብዬ አስባለሁ።

ታዛዥዎ ሞሜና


ቾር ባይራቢ፣ ቾይትሮ 4 ቀን

ሞሜና

ኒባራን ሰላምታ ይቅደም አለ። አሰላሙ ዓለይኪ። ጤናሽን አልጠይቅም፤ እንደዚያ ያለ ነገር የጻፈች ልጅ ጤናዋ ሙሉ ነው።

ደብዳቤሽ የደረሰው የኢድ ዕለት ነው። ጥፋቱ የኔም ስለሆነ እንዴት እንደሰማሁት ልንገርሽ። ከሶላት መልስ ሰው ሁሉ ጀልባ መሻገሪያው ላይ ተቀምጦ በወተት የተቀቀለውን የበዓል ፓስታ ይበላል። ለሶላት የመጣው ፖስተኛ ከበዓሉ በፊት የደረሰውን ፖስታ ሲሰጠኝ ደስ አለኝ። «ኑ! ኑ! የልጄ ልጅ ለንጉሥ የጻፈችውን ትሰማላችሁ» አልኩ። አሥራ ሰባት ወንዶች ነበሩ። እናትሽ ከሴቶቹ ጋር ከሸምበቆው አጥር ወዲያ ነበረች። እኔ ጠርቼ ነው ያስነበብኩት። ማንም አላስገደደኝም።

ኒባራን መነጽሩን አድርጎ ጀመረ። «በአንድ በኩል አባቴ ኢልያስ የአምስት ሰው ቤት ብቸኛ ምሰሶ ነው። ልጅ ሳለሁ የትምህርት ቤቱ መንገድ በውሃ ሲሞላ በትከሻው ተሸክሞኝ ይሻገር ነበር፤ ደብተሬን በጥርሱ ይይዘው ነበር። ወደ እናንተ አገር የመጣው እኔ እንድማር ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፍበትን ቋንቋ የገዛልኝ እሱ ነው።» ሞክታር አለቀሰ። ያ የቀበሌው ጸሐፊ እንኳ ሳህኑን አስቀምጦ፣ «ማሻአላህ፣ ባለ ጀልባው፣ ዣንጥላ ሥር ያሉት ይህን አይችሉም» አለኝ። ደረቴ እንደ ሸራ ተነፋ።

ከዚያ ኒባራን «በሌላ በኩል» አለና ዝም አለ።

«ምነው? ክኒንህን ዋጥክ እንዴ? አንብብ!» አልኩት።

«ወንድም ቶራብ፣ ቤት ገብተን ብናነበው አይሻልም?»

«ደብቄ የማስነብበው ነገር የለኝም። አንብብ!»

አነበበው። «በሌላ በኩል አባቴ ለፍርድ ቤቱ ጎማ ፈነዳብኝ ቢልም በእውነቱ መሪው ላይ እንቅልፍ ወስዶት ነበር፤ በዚህም የልጆች አባት የሆነ ንጹሕ ሰው ሞቷል። ይሁን እንጂ ምሕረት፣ ምሕረት የሚሆነው ለማይገባው ሲሰጥ ነው።»

ከአጥሩ ወዲያ ሳህን ሲወድቅ ሰማሁ። ጸሐፊው ቀስ ብሎ ተነሥቶ ጫማውን ፈለገ።

ሞሜና፣ እስቲ አንድ ነገር ንገሪኝ። ያችን የመጨረሻዋን የምታምር ቃል ለማን ጻፍሻት? ለገዥው ነው ለዋዱድ ሰር? ሟቹ ወገን አለው፤ የሚናገርለት ጠበቃ ነበረው፣ ዳኛ ነበረው፣ አንድ አገር ሙሉ ነበረው። አባትሽ ያለው እኛ ነን። ከኛ ውስጥ ማንበብና መጻፍ የምትችይ አንቺ ነሽ። ምነው ለሁለቱም ወገን ሆንሽ?

ፖስታ ቤቱ ከበዓሉ በኋላ በተከፈተ ዕለት ከተማ ወርጄ ሄድኩ። የፖስታ ቤቱ ጸሐፊ ልጅ እግር ነው። «የተላከ ደብዳቤ መልስልኝ» አልኩት።

«ከየት የተላከ ነው አባት?»

«ከዳካ።»

«ከዳካ ከሆነ እዚህ ምን ይሠራል?»

«ዳካ ያለውን ጥራልኝ። ለሚያውቀው ሰው ንገርልኝ።»

«አባት፣ ደብዳቤ እኮ ፍየል አይደለም፤ በስሙ ቢጠሩት አይመለስም» አለኝና ሰልፉ ውስጥ ያሉት ሳቁ። በሌላ ቀን ቢሆን ያንን ልጅ ምን እንደምለው አውቅ ነበር። ያን ዕለት ግን ወጥቼ ሄድኩ።

አንቺ ዳካ ነሽ። ዋናው ፖስታ ቤት ሂጂ። ለምኚ። አልቅሺ። አስመልሺው።

ቶራብ አሊ

ኒባራን ነኝ፤ ይህችን የጨመርኩት ሳይነግረኝ ነው። ልጄ፣ የተናገረውን ግማሹን አልጻፍኩትም። ከተማ የሄደው በባዶ ሆዱ ነበር፤ ከተመለሰም ወዲህ ጀልባውን ለሌላ ሰው ሰጥቶ ተቀምጧል።


ቾር ባይራቢ፣ ቾይትሮ 22 ቀን

ቡቡዬ

አሰላሙ ዓለይኪ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ወረቀቱ ላይ ቀለሙ የፈሰሰበትን ቦታ ኒባራን አሳይቶኛል። ማንበብ አልችልም እንጂ ያንን ለማወቅ ፊደል አያስፈልግም።

ፖስታው በአውሮፕላን ሄዷል ካሉሽ ሄዷል። ሦስት ቀን ደጅ ጠንተሽ ከሆነ ከዚያ በላይ ምን ትሆኛለሽ? ከእንግዲህ ወደዚያ አትሂጂ።

ይቅር በለኝ ብለሽኛል። እኔ ይቅርታ ስጠይቅም ስሰጥም አልኖርኩም፤ አያያዙን አላውቅበትም። ስለዚህ የሆነውን ብቻ ልንገርሽ። ባለፈው በቁጣ ስናገር አንድ ነገር ዘልያለሁ። ስለ እንቅልፉ የነገርኩሽ እኔ ነኝ። ይህን አትጻፊ አላልኩሽም። ማን ይጽፈዋል ብዬ? አንቺ የጠየቅሽው እንደ ልጅ ነበር፤ እኔ የመለስኩልሽ ግን ማመልከቻውን ጻፊ ባልኩበት ወረቀት ላይ ነው። ከዚያ ደግሞ ዣንጥላ ሥር ያሉትን የናቅሁ እኔ ነኝ። ከነሱ አንዱ ቢሆን ሺህ ጊዜ የጻፈውን ይጽፍ ነበር፤ የሚያምር አይሆንም፣ የሚጎዳም አይሆንም።

እናትሽን ጠይቀሻል። ሩዙን ታስቀምጥልኝና ፊቷን ታዞራለች። ትናንት ብቻ፣ «ሁላችሁም ታውቁ ነበር፤ የማላውቀው ሚስቱ ነኝ» አለችኝ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ሌላ ልጻፍ ወይ ብለሻል። ሌላው ላይስ ምን ልበል ብለሻል። እንዲህ በይ፦ ስለ እንቅልፉ የተጻፈው ውሸት ነው በይ።

ይህን ስለው ኒባራን እጁ ቆመ። ሃምሳ ዓመት ሲያውቀኝ ከአፌ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ አያውቅም። «ወንድም ቶራብ፣ ያው አንዲቱ ልጅ ሁለት ነገር ብትጽፍ ሰውየው የትኛውን ያምናል?» አለኝ።

«አንተ ሐኪም ነኝ ትላለህ አይደል? አንዱ ክኒን አልሠራ ሲልህ ምን ታደርጋለህ?»

«ሌላ እሰጣለሁ።»

«እሱስ አልሠራ ሲል?»

«ወደ ከተማ ሆስፒታል እልካለሁ።»

«እንግዲያው ሌላ ትስጥ። ልጄን የምልክበት ሌላ ከተማ የለኝም።»

አንገቱን ደፍቶ ጻፈው። ሞሜና፣ አላዝሽም። ስትጽፊው እጅሽ እምቢ ካለሽ ተዪው። እኔ ብሆን እምቢ ይለኝ ነበር፤ ግን እኔ እጄ ጽፎ ስለማያውቅ እንዲህ ማለት ይቀለኛል።

አያትሽ


ዳካ፣ ኤፕሪል 19 ቀን 1994

ለተከበሩ ዳዱ

አሰላሙ ዓለይኩም። እግርዎን ነክቼ ሰላም እላለሁ። እንቅልፌም ምግቤም ደኅና ነው። የእናቴን መልእክት ኒባራን ካካ ከደብዳቤው ጋር በሌላ ወረቀት ጽፈውልኛል፤ አንብቤዋለሁ። ለሷ ለብቻዋ እጽፋለሁ።

ሁለተኛውን ማመልከቻ ጻፍኩ። የመጀመሪያው ከመሄዱ በፊት ስድስት ጊዜ ገልብጬው ነበር፤ ይህን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጻፍኩት። የማደሪያችን ምግብ አብሳይ ወንድም እዚያ አገር ነው የሚሠራው፤ ለዕረፍት መጥቶ ሲመለስ በእጁ ይዞልኝ ሄዷል። ለእስረኞች ጉዳይ ቢሮ ራሱ አስረክቦ ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ልኮልኛል። ስለዚህ መድረሱን አውቃለሁ።

ዳዱ፣ እርስዎ እንዳሉኝ አላደረግኩም። የተጻፈው ውሸት ነው ብቻ ብል፣ ታዲያ ማን ዋሸ ብለው ይጠይቃሉ። ሞክታር ነው ልበል? አባቴ ነው ልበል? ዋዱድ ሰር ያስተማሩን ሁለት አባባሎች አሉ፤ ተማሪ ሁሉ አንዱን በሌላው ቦታ ያስገባቸዋል። «በሌላ በኩል» ስንል ፊተኛውም ኋለኛውም ነገር እንደቆሙ ይቀራሉ፤ ሁለቱም እውነት ናቸው። «በተቃራኒው» ስንል ግን ኋለኛው ፊተኛውን ይሽረዋል። በመጀመሪያው ማመልከቻዬ ሁለቱንም የሚያቆመውን ጻፍኩ። አሁን የሚሽረውን መጻፍ ነበረብኝ።

እንዲህ አልኩ፦ «አባቴ መሪ ላይ አልተኛም። በተቃራኒው፣ ነቅቶ ነበር፤ ጎማው ነው የፈነዳው። የእንቅልፉን ነገር የፈጠርኩት እኔ ልጁ ነኝ። በትምህርታችን ጽሑፍ ሁለት ወገን ከሌለው ማርክ አናገኝም፤ ለአባቴ ሌላ ወገን ስላጣሁለት ከራሴ ጨመርኩ። ውሸታሟ እኔ ነኝ።» ከሥሩ ሙሉ ስሜን፣ ኮሌጄንና የተማሪ ቁጥሬን ጻፍኩ። ከኛ ውስጥ አንድ ሰው ውሸታም መባል ካለበት እኔ እሻላለሁ ብዬ ነው። እኔ ውጭ ነኝ፤ እሱ ውስጥ ነው።

ይህንን ለዋዱድ ሰር አላሳየሁም። ትናንት በክፍል «የመንደር ኑሮና የከተማ ኑሮ» በሚል ርዕስ ጻፉ አሉን። ስለ መንደር ብቻ ጽፌ ሰጠሁ። ወረቀቱን አይተው፣ «ምነው ሞሜና፣ ከተማውን ውሃ ወሰደው?» አሉኝ። ልጆቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

እስከ እርዱ ኢድ ሌላ የምናደርገው ነገር የለም።

ሞሜና


ቾር ባይራቢ፣ ጆይሽቶ 20 ቀን

ቡቡዬ

አሰላሙ ዓለይኪ። ኢዱ አልፏል። ሥጋ እንዲደርስሽ ሃፊዛ አድርቃ አስቀምጣልሻለች። አንቺ ግን ስለ ሥጋ አልጠየቅሽም።

ዝርዝሩ ወጥቷል። ቀበሌው ድረስ መጣ፤ ጸሐፊው ራሱ ጀልባ ተሳፍሮ ይዞልኝ መጣ። ከዚህ አውራጃ አራት ስም አለበት። ሦስት ጊዜ አስነበብኩት፤ ከላይ ወደ ታች፣ ከዚያ ከታች ወደ ላይ። ኢልያስ የለበትም። ጸሐፊው «የሚቀጥለው ዓመት አለ» አለኝ። «የሚቀጥለው ዓመት ለማን አለ?» አልኩት። ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ። እኔም አልተቆጣሁትም።

አንቺ የጠየቅሽው ሁለተኛው ደብዳቤ ተነቦ ነበር ወይ ብለሽ ነው። ተነቧል። ይህን የማውቀው ከአባትሽ ወሬ ስለመጣ ነው፤ እስር ቤት አብሮት ባለ ሰው እጅ ቃሉን አስጽፎ ላከ። እናትሽ አትንገራት አለችኝ፤ ኒባራንም አትንገራት አለ። ሦስት ቀን ያዝኩት። ከዚህ በፊት ነግሬሽ የሆነውን አውቃለሁ። ባልነግርሽ ግን በየቀኑ ደብዳቤዬ አልደረሰ ይሆን እያልሽ ትኖሪያለሽ። ስለዚህ ልንገርሽ፤ አሁን የማስጽፈው እሱ እንዳለው ነው።

ከኢዱ በፊት በዐሥረኛው ቀን ቢሮ ጠሩት። ሹሙና አንድ የቋንቋችን አስተርጓሚ ነበሩ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ወረቀት ተቀምጧል።

«ሞሜና ማን ናት?» አለው አስተርጓሚው።

«የበኩር ልጄ።»

«አንደኛው ደብዳቤዋ አባቴ ተኝቶ ነበር ይላል። ሁለተኛው፣ ያንን ከራሴ የፈጠርኩት ነው፣ ውሸታም ነኝ ይላል። ሹሙ ተቸግረዋል። የትኛው ነው የውሸቱ?»

አስተርጓሚው ጎንበስ ብሎ በቋንቋችን፣ «ወንድሜ፣ አትሞኝ። ልጅህ በሩን ከፍታልሃለች። ሁለተኛው እውነት ነው በልና አገርህ ግባ» አለው።

«ሁለተኛው እውነት ከሆነ እሷ ምን ልትባል ነው?»

«ውሸታም ነዋ። ራሷ ብላዋለች፤ ፈርማበታለች። ምን ይጎዳታል? ሩቅ ናት።»

አባትሽ እንዲህ ይላል፦ «በዚያች ደቂቃ ቤቴን አየሁት፤ በሩን አየሁት። አባባ፣ እሺ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ሹሙ ወረቀቷን በሁለት ጣቱ፣ እንደሚያስጠላ ነገር፣ አንሥቶ ያዛት። 'ልጄ ውሸታም አይደለችም' አልኩ። አስተርጓሚው 'ምን ልበላቸው?' አለኝ። 'ተኝቼ ነበር በላቸው' አልኩት።»

ነገሩ ይህ ነው። አምስቱ ዓመት እንዳለ ነው። ፍርድ ቤት በመዋሸቱ ይጨመርበት አይጨመርበት አልወሰኑም፤ መቼ እንደሚወስኑም አልነገሩትም። የሚጠየቅ ሰው የለም፤ ቢኖርም በየትኛው ቋንቋ እንደምጠይቀው አላውቅም።

ሞሜና፣ አሁን ጥፋቱ የማን ነው ብለሽ እንዳትጽፊልኝ። እኔ ለዚህ መልስ ስፈልግ ሰነበትኩ፤ አንዴ አንቺ ላይ አደርገዋለሁ፣ አንዴ ራሴ ላይ፣ አንዴ እሱ ላይ፣ ሁለት ቀን ያስነዱት ሰዎች ላይ። የትም ባደርገው እሱን አይፈታውም። ልጄ ሞኝ ነው ብዬ ልናደድ ብዬም ሞከርኩ። አልሆነልኝም። እንደዚያ አድርጌ ያሳደግኩት እኔ ነኝ።

ጀልባውን መልሼ ይዣለሁ። ሰው መሻገር አለበት።

አንድ ነገር ቀርቷል፤ እሱን ግን ማድረግ ትችያለሽ። አባትሽ በመጨረሻ አንድ ጥያቄ አስጽፏል። ቢሮው ውስጥ ያነበቡለት የእንቅልፉን ቦታ ብቻ ነው። «ከሱ በላይ ግን ግማሽ ገጽ ጽሑፍ ነበር። ስሜን በእንግሊዝኛ ከፓስፖርቴ ለይቼ አውቀዋለሁ፤ ሁለት ቦታ አይቼዋለሁ። ምን እንደሚል ማንም አልነገረኝም። ልጄ ስለ እኔ ምን ብላ ነው የጀመረችው?» ይላል።

ኒባራን እኔ ገልብጬ ልላክለት ብሎ ነበር። እምቢ አልኩት። በአንቺ እጅ ይሁን። በቤንጋልኛ ጻፊው፤ የሚያነብለት ሰው ብርሃኑ ደካማ ነው ብሏልና ፊደሉን አተልቂው። በትከሻው እንደተሸከመሽ፣ ደብተርሽን በጥርሱ እንደያዘው፣ ሁሉንም እንደጻፍሽው ጻፊለት። «በሌላ በኩል» የሚለው ጋ ስትደርሺ እዚያው ላይ ስምሽን ጽፈሽ ጨርሺ።

አያትሽ ቶራብ አሊ